የሰማህ ላልሰማ አሰማ

ባለፈው ዕረፍት ወደየአገራችን ሄደን ከተመለስን ወዲህ በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሳምንት ሙሉ ሳይበርድ ቆየ። የክርክሩ መነሻ ከመካከላችን ጥቂቶቹ ከደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከፋርጣ ገጠር ይዘውት የመጡት የአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። ሽማግሌው ከመንገድ ዳር ተቀምጠው ከብት ይጠብቁ ነበር። በጉብታው ላይ የቆመውን የብረት ማማ በበትራቸው እያመለከቱ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል። ይኸ ብረት የአዲስ አበባን ነገር ለኛ ያሰማናል ይላሉ፤ መልካም ነው። የኛንስ ነገር ለአዲስ አበባ ያሰማልናል ወይ?» ብለው ጠየቁን። እኛም «አባባ፣ እሱንስ አያሰማም» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረንም። እርሳቸውም «እንግዲያው ግማሽ ነገር ነዋ!» ብለው ወደ ከብታቸው ተመለሱ።

አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን ነገሩን በሳቅ አለፉት። «በዚህ በዲሽና በስልክ ዘመን ስለ ገጠር ማማ መከራከር ስለ በቅሎ ኮርቻ እንደ መከራከር ነው» አሉን። እኛ ግን የሽማግሌው ቃል ከልባችን አልወጣም። በውነቱ ከሆነ የአገራችን የራዲዮና የቴሌቪዥን ታሪክ በሙሉ በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ ይገኛል፤ ግማሽ ነገር ነው። ይህንን ስንል የሠሩትን ሰዎች ድካም ለማቃለል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። ግማሹን ያመሰገነ ሰው የቀረውን ግማሽ ለመጠየቅ መብት አለው ብለን ስለምናምን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። ድምፅን ከሩቅ ተቀብሎ ወደ ሩቅ ማቀበል ከብረት ማማው ጋራ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በገበያ ቀን ነጋሪት እያስጎሰሙ ዐዋጅ ሲያስነግሩ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይሉ ነበር። ዛሬ መሐንዲሶች «ሪሌይ» የሚሉት ጣቢያ ሥራው ይኸው ነው። ከሩቅ የመጣውንና የደከመውን ሞገድ ይቀበላል፤ ያበረታዋል፤ ከዚያም ላልደረሰው ያቀብላል። ልዩነቱ አንድ ነው። ከገበያ የተመለሰው ገበሬ ዐዋጁን ለጎረቤቱ ሲያሰማ የራሱን ሐሳብ ይጨምርበታል፤ ይጠይቃል፤ ያማርራል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመክርበታል፤ ምክሩም ሄዶ ሄዶ ከባለሥልጣኑ ጆሮ ይደርሳል። ብረቱ ግን ያቀበሉትን ብቻ ያቀብላል።

ማማው ለምን በተራራ ላይ እንደሚተከል ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው። የራዲዮ ሞገድ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። የመካከለኛው ሞገድ ምድርን ተከትሎ ይሄዳል። አጭሩ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው አየር ተመልሶ ሩቅ አገር ይወርዳል። የኤፍ ኤምና የቴሌቪዥን ሞገድ ግን እንደ ዐይን ነው፤ የሚያየውን እንጂ የማያየውን አያገኝም። በሜዳ ላይ የተተከለ የ100 ሜትር ማማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። ስለዚህ መሐንዲስ ሁልጊዜ ተራራ ይፈልጋል።

የደቡብ ጎንደር ምድር በዚህ ረገድ ሀብታምም ድኻም ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በስሌት ብቻ ቢሆን ከዚህ ከፍታ ላይ የተነሣ ሞገድ የሚጋርደው ነገር ካላገኘ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያይ ይችላል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና እንደሚገቡ ሁሉ፣ ድምፅም ከዚህ ቢፈስ ሜዳውን ያጠጣዋል። ነገር ግን ጉና የሚያየው ጀርባውን የሰጠውን አይደለም። በጋይንትና በስማዳ ወደ ቆላው የሚወርዱት ሸለቆዎች፣ በእስቴ ገደል ሥር ያሉት መንደሮች፣ በጥላው ውስጥ ይቀራሉ። እነርሱን ለመድረስ ሁለተኛ ማማ፣ ሦስተኛም ማማ ያስፈልጋል። እያንዳንዱም ማማ መንገድ፣ ናፍጣ፣ የመብረቅ መከላከያ፣ ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ስለሆነ የመጨረሻው ሸለቆ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ተራ ይጠብቃል። በሸለቆው ውስጥ ያለው ሰው ድኻ የሆነው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አንልም። ድህነቱን ለማሰማት የማይችለው ግን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በአቃቂ የተሠራው የመጀመሪያው ትልቅ የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። የሠራውም አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን በማግሥቱ ዓመት ኢጣልያ ራሷ ወረረችን። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን በራዲዮ ለዓለም አቤቱታቸውን አሰምተዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ታላቅ ራዲዮአችን በዚያ የጭንቅ ዓመት ዋና ሥራው አቤት ማለት እንደ ነበር ልብ እንበል። ራዲዮ ከታናሹ ወደ ታላቁ የሚጮኽበት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን አውቀናል። በኋላ የረሳነው እኛው ነን።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ የራዲዮ ጣቢያውን መያዝ ነበር። የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን መግለጫ የተሰማው በራዲዮ ነው። የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለመደገፍ ሰልፍ ወጡ። ይህንን የተማሪ ማኅበር አንባቢዎች ሁሉ ያውቁታል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ በዚያች ሳምንት የደብረ ታቦር ገበሬ ምን አለ? ማንም አያውቅም። አንድ ቤት የያዘ ሰው ለአገሩ ሁሉ ይናገር ነበር፤ አገሩ ግን የሚናገርበት ቤት አልነበረውም።

ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራውን ጀመረ። አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የወሎ ረሃብ ፊልም ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ተጽፏል። እኛ የምንጨምረው አንድ ትዝብት ብቻ ነው። ያ ፊልም በመጀመሪያ የታየው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ታየ። ፊልሙ የተነሣበት የወሎ ገበሬ ግን ቴሌቪዥኑ ያን ጊዜ ከዋና ከተማው አካባቢ እምብዛም ስለማያልፍ አላየውም። የራሱን ሞት ለማየት እንኳ የመጨረሻው ተመልካች ሆነ። ወሬው ከወሎ ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ በለንደን በኩል ዞረ ማለት ነው።

ይህ በወሎ ብቻ የቀረ አይደለም። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ውስጥ ያለችው እብናት በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የታላቅ መጠለያ ቦታ ነበረች። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ረሃብተኞች ከዚያ መጠለያ በግድ እንዲወጡ ተደረገ፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። ነገሩን ለዓለም ያሰሙት የውጭ አገር ረድኤት ሠራተኞች፣ ዲፕሎማቶችና ጋዜጠኞች ናቸው። ከእብናት ሰው አንደበት በቀጥታ የተነሣ ድምፅ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በእብናት አንድ ማይክሮፎን ቢኖር ኖሮ ጎጆው አይቃጠልም ነበር ብለን ለመማል አንችልም። ነገር ግን የሚሰማ ሰው ባለበት ቦታ ክፉ የሚሠራ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ሰው ይህንን ያውቃል።

መልካሙንም እንናገር፤ ግማሹን ለማመስገን ቃል ገብተናልና። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ሲሰጥ ራዲዮ ረዳት አስተማሪ ነበር። ብዙዎቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ፊደል የለዩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያም ወዲህ የትምህርት በራዲዮ ፕሮግራም በገጠር ለሚማር ሕፃን ያደረገውን አገልግሎት ማንም አይክደውም። ከእኛም መካከል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ራዲዮ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ መምህሩ የባትሪ ድንጋዩን በጸሐይ እያሞቀ ዕድሜ ሲጨምርላት ያየን አለን። ያ መምህር የማማው የመጨረሻ ጫፍ እርሱ ነበር። ማማው ያቀበለውን ተቀብሎ በሚገባን ቋንቋ ያቀብለን ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» መጣ። በሳተላይት በኩል፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በጋይንት ያለው ልጅ በአዲስ አበባ ካለው እኩል እንዲማር ነው። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ቆሞ አይጠብቅም፤ «አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ እርሱም አብሮ ይጠፋል። ያኔ በክፍሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ መምህር ባዶ ስክሪን አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይቀር ነበር። ቴክኒኩ ከመሠረተ ትምህርት ዘመን ይልቅ እጅግ የላቀ ነበር፤ መደማመጡ ግን ቀነሰ። ትምህርቱ ይህ ነው፤ መሣሪያው ሲሻሻል ነገሩም በራሱ ይሻሻላል ብለን እንዳንታለል።

የደብረ ታቦር ሰው ስለ ባዕድ መሣሪያ ከማንም በፊት የተማረ ነው። ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አውሮፓውያን ባለእጆችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አስጣሉ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። ያንን ብረት በገደልና በወንዝ አስጎትተው መቅደላ አደረሱት። ሰው ሁሉ ስለ መድፉ ያወራል፤ እኛ ግን ስለ ንጉሡ ሐሳብ እናውራ። ንጉሡ የፈለጉት መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ጥበቡን ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ከባለእጆቹ እጅ እንዲማሩ። ያ ሐሳብ ሳይፈጸም ቀረ፤ ብረቱ በመቅደላ ቀረ፤ ጥበቡም በጋፋት ሥር አልሰደደም። ዛሬም በተራራችን ላይ ማማ ስንተክል እንዲሁ እያደረግን አይደለምን? ብረቱ ይመጣል፤ የሚጠግነው ሰው ግን ከሩቅ ይጠበቃል። መብረቅ የመታው ጣቢያ ባለሙያ እስኪመጣለት ዝም ብሎ ይቀመጣል። በዚያው ቀበሌ ግን በቴክኒክና ሙያ ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅ አለ። ይህ ተራ ስሕተት ሳይሆን የሁለተኛው ጋፋት ታሪክ ነው።

አሁን የተቃራኒዎቻችንን ነገር እንመልስ። «ስልክ እያለ ማማ ለምን?» ይላሉ። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስልክም የሚንጠለጠለው በማማ ላይ ነው፤ ተራራውን የጠላ ሰው ስልክ ሊወድ አይችልም። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም በፊት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫና እስከ ጉና ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ለማወቅ ስልክ ይዞ ኮረብታ ለኮረብታ የዞረ ተማሪ በመካከላችን አለ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ «በራዲዮና በቴሌቪዥን ተማሩ» ተባለ፤ ራዲዮ የሌለበት ቤትና ሞገድ የማይደርስበት ሸለቆ ያለው ልጅ ግን ከከብት ጋራ ዋለ። በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሕዝብ ሽቦው በተቆረጠ ቀን ዲዳም ደንቆሮም ይሆናል። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ራዲዮ ወርኃዊ ክፍያ አትጠይቅም፤ ማንበብ የማይችለውንም አትንቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ በሳቅም አይታለፍም። «ለየአካባቢው የራሱን ማይክሮፎን ብትሰጡት ለጠብ ይጠቀምበታል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ሊሆን ይችላል። በሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. ሚል ኮሊን የተባለው ራዲዮ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ እንዳስነሣና መሥራቾቹም በ1996 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንደ ተፈረደባቸው አንረሳም። ነገር ግን ያ ራዲዮ የጥቂቶች መሣሪያ ነበር እንጂ የመንደር ሽማግሌ የሚቈጣጠረው አልነበረም። በሌላው ወገን ደግሞ የኮሎምቢያን ምሳሌ እንይ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 በተራራማ አገር በምትገኝ ሱታቴንዛ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ ቄስ የጀመሩት ራዲዮ ገበሬውን ፊደል አስተማረ፤ ገበሬውም በተማረው ፊደል በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ደብዳቤ ጽፎ ለጣቢያው መለሰ። ሽማግሌው የጠየቁን ሁለተኛው ግማሽ ይኸው ነው። ማይክሮፎን እንደ እሳት ነው፤ ሰደድ እንዳይሆን ምድጃ ይሠሩለታል እንጂ ቤቱን ሁሉ በብርድ አያስቀምጡም።

ምድጃውም በሕግ አለ። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ከመንግሥትና ከንግድ ሌላ የማኅበረሰብ ብሮድካስት የሚባል ሦስተኛ ወገን እንዲኖር ፈቅዷል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ይህንኑ አጽንቷል። ባሕር ዳርም የክልሉን ራዲዮና ቴሌቪዥን ካገኘች ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ በሩ ተዘግቷል ለማለት አንችልም። ችግሩ ድምፁ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከባሕር ዳር ሲነሣ ነገሩ ተፈጸመ ብለን መርካታችን ነው። ከፋርጣ ገበሬ ጀርባ ሆኖ ሲታይ ባሕር ዳርም ከተማ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጥ። ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች፦ በየማማው ከሚያልፈው ሰዓት ውስጥ ቢያንስ በቀን አንዱ ሰዓት ከዚያው ከወረዳው የተነሣ ድምፅ ይሁን። የወረታ ገበያ የሩዝ ዋጋ፣ የክምር ድንጋይ ገበያ የድንችና የገብስ ዋጋ፣ በጉና ጥግ ውርጭ የመታው ማሳ፣ በእስቴ የገባው የከብት በሽታ፣ የጠፋው ማዳበሪያ፣ የፈረሰው ድልድይ፣ ይህ ሁሉ በባለጉዳዩ አንደበት ይነገር። ሰዓቱንም የሚመራው አንድ ሹም ሳይሆን ገበሬው፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ የየእምነቱ አባቶችና መምህራን የሚገኙበት ጉባኤ ይሁን። ለየጣቢያውም ከዚያው ከቀበሌው ልጅ ተመርጦ ጥገና ይማር።

ለሌላው መናገር ግን ቀላል ነው፤ ከባዱ ለራስ ነው። እኛ ተማሪዎች ራሳችን ምን ዓይነት ማማ ነን? አገራችን ከየሸለቆው አሰባስባ፣ ከበላዩ አውጥታ፣ በከፍታ ላይ ተከለችን። ከላይ የመጣውን እንቀበላለን፤ የመምህሩን፣ የመጽሐፉን፣ የውጭውን ዓለም። ወደ ታች ግን ምን አቀበልን? ወደ ላይስ የማንን ድምፅ አደረስን? በዕረፍት ወደ ቤታችን ሄደን ለእናታችን የምናሰማት የማይገባትን ቃል ነው፤ ከእርሷ የሰማነውን ግን ወደ ክፍል ይዘን ለመምጣት እናፍራለን። የመስማትና የማሰማት ሥራ ከብረቱ በፊት የእኛ ነበር፤ ትተነው ብረቱን እንወቅሳለን።

ስለዚህ ለሚመጣው ዕረፍት ይህንን እንስማማ። ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየቀበሌያቸው የተበላሸ ራዲዮ ሰብስበው ይጠግኑ፤ አንድ ሁለት የሠፈር ልጆችንም ያስተምሩ። ሕግ የሚማሩት የማኅበረሰብ ራዲዮ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ በቀላል አማርኛ ጽፈው ለየወረዳው ያድርሱ። የቀረነው ደግሞ እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት አንድ አቤቱታ፣ በቃላቸው እንዳለ፣ ሳናሳምር ጽፈን እንምጣ። ይህ ጋዜጣ በሁለት ገጽ ያወጣቸዋል። ጋዜጣችን ትንሽ ናት፤ ከስቴንስል እስከ ስቴንስል እየደበዘዘች ትወጣለች። ብትሆንም እርሷም አቀባይ ናት።

ደብረ ታቦር የተባለው ተራራ በሃይማኖታችን የሚታወቀው ብርሃን በታየበትና ድምፅ በተሰማበት ነው። ከላይ የወጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእግሩ ሥር የቀሩት ግን ብዙዎች። ከላይ ያሉት እዚያው ጎጆ ሠርተው ሊቀሩ ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን እንዲወርዱ ግድ ሆነ። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ከከፍታው የምንወርድበት ቀን ይመጣል፤ ያ ሽማግሌም በዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠው ያገኙናል። ጥያቄያቸውንም አይለውጡም። እኛ መልሳችንን እንለውጥ።